ከነሙሉ ዕቃው

«ልጅቷ ከነሙሉ ዕቃው ናት» አለ ወንድሜ። «የት ትሄዳለች? እናታችን እኮ እዚህ ናት።»

ይህን በስልክ ሲናገር እኔ ከኮምፖርሳቶው ግድግዳ በዚህኛው በኩል እማዬን በጎኗ አዙሬ አንሶላዋን እየለወጥኩ ነበር። ግድግዳ ይባል እንጂ ግድግዳ አይደለም፤ ወንድሜ አንዱን ሰፊ ክፍል ለሁለት ሲከፍለው ኮምፖርሳቶው አጠረውና ከጣሪያው ክንድ ያህል ሳይደርስ ቀረ። ከዚያ ወዲያ የጥገና ወርክሾፑ ነው፣ ከዚህ ወዲህ የእማዬና የኔ መኝታ። የብየዳው ጭስ ወደኛ ይመጣል፣ የእማዬ ሳል ወደ ደንበኛው ይሄዳል። ወንድሜ ደግሞ ድምፅ ዝቅ ማድረግ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ እሱ ምስጢር ሲያወራ ጎረቤት ሬዲዮውን ይቀንሳል። ወርክሾፑን ሊሸጥ እንደሆነ አውቃለሁ። ወገቡ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ማንሳት እምቢ ካለው ሰንብቷል፣ አንድ የመለዋወጫ ነጋዴም ሲመላለስበት ከርሟል። እኔም አብሬ መሸጤን ግን ገና መስማቴ ነው። «ሁለት ዓመት አብራህ ትሠራለች፣ እኔ እፈርምልሃለሁ» ብሎ ጨመረ። እሱ ነው ፈራሚው! የአንሶላውን ጫፍ እንደያዝኩ ድርቅ ብዬ ቀረሁ።

«በረደኝ» አለችኝ እማዬ።

ሸፈንኳት። ሰምታለች፤ እሷም እንደኔ ጆሮ አላት። ፊቷን ወደ ኮምፖርሳቶው መለሰችና ዐይኗን ጨፈነች። እማዬን መስማት የማትፈልገው ነገር ሲመጣ እንቅልፍ ይወስዳታል። ድሮም ነበረባት፣ ግራ ጎኗ ከተያዘ ወዲህ ግን ተክናበታለች። ሌላ ሰው ቢያያት ተኝታለች ይላል። እኔን ግን አትሸውደኝም። የእውነት ስትተኛ ከአፍንጫዋ ቀጭን ፉጨት ይወጣል፤ ስታስመስል ፉጨቷን ትረሳዋለች።

ያን ዕለት ደግሞ ደህናውን ጫማዬን አድርጌ ነበር። ከከተማው በወዲያኛው ጫፍ የሆስፒታል ሚዛን የሚሠራ ድርጅት አለ፤ ጨቅላ ሕፃን የሚመዘንበትን፣ ከአልጋ የማይነሳ ሰው የሚመዘንበትን። ፈተናቸውን ተፈትኜ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ በዋዜማው ደውላ «ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መጥተሽ ፈርሚ፤ ካልመጣሽ ለሚቀጥለው ሰው እንደውላለን» አለችኝ። «እመጣለሁ» አልኳት። ለማንም አልተናገርኩም። ሁሉን አስቤበታለሁ፤ ተመላላሿ ሠራተኛችን ጠዋት መጥታ ማታ እስክትሄድ እማዬን እሷ ትይዛለች፣ ልክ እኔ ወርክሾፕ ስውል እንደምትይዛት። ማታ እኔ አለሁ። ቀን ሥራ፣ ማታ እማዬ፤ ማንም አይጎዳም። የወንድሜ ሚስት ወደ መድኃኒት ቤት ሥራዋ ልትወጣ ስትል ከእግሬ ጀምራ አየችኝ። «ወዴት ነው?» አለችኝ። «የትም» አልኳት። «ለየትም ነው ይህ ሁሉ የጫማ ቀለም?» ብላ ሄደች። እሷ ዐይኗ መርፌ ነው፤ ጠይቃ ግን አትጨርስም፣ መልሱ ሥራ እንዳያመጣባት።

ሥራዬን ለሰው ማስረዳት ሰልችቶኛል፣ ግን ካላስረዳሁ ነገሩ አይገባም። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይሁን ፍሪጅ፣ ውስጡ ባለው ቦርድ ላይ ስምንት እግር ያላት፣ ከአንድ ፍሬ ባቄላ የምታንስ ጥቁር ቺፕ አለች። ማሽኑ ማን እንደሆነና ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያስታውሰው በሷ ነው። እሷ ስትበላሽ ሞተሩ ደህና፣ ቱቦው ደህና፣ ማሽኑ ግን ራሱን ይስታል። መድኃኒቱ ከጤነኛ ማሽን ቺፕ ላይ ያለውን አንብቦ ለታመመው መገልበጥ ነው። ገበያ ላይ ያለው ማንበቢያ የሚያውቃቸውን ብቻ ነው የሚያነበው፤ አሁን አሁን የሚመጡትን አያውቃቸውም፣ ዋጋው ደግሞ እሳት ነው። ስለዚህ እኔ ከታች ተነስቼ፣ ኮምፒውተሩ ያለ ማንም አማላጅ ከቺፗ ጋር የሚነጋገርበትን ኮድ ጻፍኩ። ድራይቨር ይባላል። ወንድሜ ለደንበኛ ሲያስረዳ «ሾፌሩን የጻፈችው እህቴ ናት» ይላል፤ ደንበኛውም ወደ ውጭ ዞር ብሎ መኪና ይፈልጋል።

ቺፗ በራሷ አትናገርም። በአንደኛው ሽቦ ምት ይሰጣታል፤ በያንዳንዱ ምት በሌላኛው ሽቦ አንዲት ነገር ታቀብላለች፣ አዎ ወይም አይ። ምቱ ከቆመ እሷም ትቆማለች። ሥራ ሲጠፋ ትተኛለች፤ ትቀሰቀሳለች፣ እስክትነቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ ትጠየቃለች። ተጣድፎ የጠየቃት ሰው የሚያገኘው ባዶ ነው። ይህን ሁሉ የተማርኩት ማንም ሳያስተምረኝ፣ ከፋብሪካው ወረቀት ላይ እያነበብኩ፣ ስንቷን ቺፕ አቃጥዬ ነው። እውነቱን ለመናገር በቀን ውስጥ ደስ የሚለኝ ሰዓት እሱ ብቻ ነበር። ተመላላሿ ትመጣለች፣ እኔ ከእማዬ አልጋ ተነስቼ ኮምፖርሳቶውን ዞሬ አሮጌው ኮምፒውተር ፊት እቀመጣለሁ። መንገዱ አጭር ነው፤ ቢሆንም መንገድ ነው።

ነጋዴው ከምሳ በኋላ መጣ። አጠር ደልደል ያለ፣ ንግግሩ ማር የሆነ ሰው ነው፤ የቁልፍ ዘለላውን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ነው የሚያወራው። ወንድሜ ብቸኛዋን ደህና ወንበር ጠርጎ ሰጠው። ነጋዴው መደርደሪያዎቹን፣ እግራቸውን ሰቅለው የተደረደሩትን ማሽኖች፣ የብየዳውን ጠረጴዛ እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ባለቤት አየ። ከዚያ ከቦርሳው የሚያበራ አዲስ ላፕቶፕ አወጣና «ወንድሜ፣ ቅር እንዳይልህ፤ እዚህ ሠርቶ እኔ ዘንድ ካልሠራ ምን ዋጋ አለው? በራሴ ዕቃ ልየው» አለ። ኮዱን ገለበጥኩለት። ቺፗ የምትሰካበትን ትንሿን ሳጥኔን ከሱ ላፕቶፕ ጋር አያያዝኩ፣ ጤነኛ ቺፕ ሰካሁ፣ አነበብኩ። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ባዶ ሆነ። ሌላ ቺፕ ሰካሁ፣ ያው። በአሮጌው ኮምፒውተር ስሞክረው ቁጥሩ እንደ ዝናብ ወረደ፤ ወደ ላፕቶፑ ስመልሰው ባዶ። ነጋዴው ቁልፉን ማሽከርከር አቆመ።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ቺፗ ከተቀሰቀሰች በኋላ እስክትነቃ መጠበቅ ያስፈልጋል ብያለሁ፤ እኔ ያኔ ስጽፈው ያስጠበቅኩት ኮምፒውተሩን ዝም ብሎ በማስቆጠር ነበር። አሮጌው ቆጥሮ እስኪጨርስ ቺፗ ነቅታ፣ ተዘጋጅታ ትጠብቀዋለች። የነጋዴው ላፕቶፕ ግን ፈጣን ነው፣ ያንኑ ቁጥር በአንድ ትንፋሽ ጨረሰውና ዐይኗን ሳትገልጥ ጥያቄውን አዘነበባት። ከዚያ የኮድ መስመር ጎን «ለጊዜው» ብዬ ጽፌበት ነበር። ለጊዜው ያልኩት ነገር ሁሉ እዚህ ቤት ውስጥ ዓመት ይሞላዋል፤ የእማዬም አልጋ ለጊዜው ነበር እዚህ የገባው።

«እንግዲህ ይሄ ነገር ያለሷ አይንቀሳቀስም ማለት ነው» አለ ነጋዴው ወደኔ ሳያይ። «ጥሩ። አሮጌውን ኮምፒውተርም እሷንም እወስዳለሁ። ሁለት ዓመት ያልከውን ሦስት አድርገውና እንፈራረም። እሷ ከሌለችበት ግን የለሁበትም።»

የወንድሜ ፊት በራ። «አንድ ጊዜ» ብሎ ክንዴን ይዞ ማሽኖቹ መሀል ወዳለችው ጠባብ መተላለፊያ ወሰደኝ። በራሱ ግምት እያንሾካሾከ፣ «አደራሽን ፕሮፌሰር፣ እንዳትነኪው!» አለኝ። ሲደሰትብኝ ፕሮፌሰር ነው የሚለኝ። «ባይሠራ ነው የሚሻለን። አየሽ አይደል እንዴት እንደፈለገሽ? የሦስት ዓመት እንጀራ አገኘሁልሽ እኮ። ሱቁ ከዚህ ጥግ ላይ ነው፤ እማዬ ከጠራችሽ ብቅ ትያለሽ።»

«ጋሼ፣ ሳትጠይቀኝ?»

«ምን ልጠይቅሽ? ሌላ ቦታ አለሽ እንዴ?»

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። አለኝ፣ አዎ አለኝ፣ ዛሬ ልፈርም ነው ማለት። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን እንዴት በቀለለኝ። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው፣ ወገቡም የተቆረጠው በዚሁ ነው። አሁንም በጎ የሠራ መስሎት ዐይኔን እያየ ምስጋና ይጠብቃል። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብዬ ልጩህበት? «እሺ» አልኩና ተመለስኩ። ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ግን ሆዴ እሺ አላለም። እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም፤ ንዴቱም ጭንቅላቴን አጠራልኝ። ነጋዴው የሚፈልገኝ ኮዱ ያለኔ ስለማይሠራ ነው። ኮዱ ያለኔ ከሠራ ማንም አይፈልገኝም፣ ማንም ካልፈለገኝ ደግሞ ማን ይይዘኛል? ሰዓቱን አየሁ። ጊዜ ነበር።

መቁጠሪያውን አጠፋሁት። በምትኩ ቺፗን ራሷን እንዲጠይቃት አደረግኩት፤ ማነሽ? ካልመለሰች እንደገና፣ ማነሽ? የራሷን መለያ አስተካክላ እስክትሰጥ መላልሶ ይጠይቅ፣ ከሰጠች በኋላ ያንብብ። ፈጣን ኮምፒውተር ብዙ ጊዜ ይጠይቃታል፣ ቀርፋፋው ጥቂት፤ ሁለቱም ግን ከነቃች በኋላ ነው የሚያነቧት። ጥቂት መስመር ናት። ያኔውኑ እንዲህ አድርጌ ብጽፈው ኖሮ ምናለ! ወንድሜ ከነጋዴው ትከሻ በላይ በዐይኑ ይለምነኝ ነበር፤ አላየሁም አልኩ። ላፕቶፑ ላይ አስነሳሁት። ስክሪኑ ሞላ፣ ከላይ እስከ ታች።

«ኧረ እሰይ!» አለ ነጋዴው፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «አሁን ማንም ሰው ሊያሠራው ይችላል?»

«ማንም» አልኩት። ይህችን ቃል ስናገር ደስ አለኝ። ሌላ ቺፕ ራሱ እንዲሰካ አደረግኩት፤ ራሱ ሰካ፣ ራሱ አነበበ፣ እንደ ልጅ ሳቀ። «እጅሽ ይባረክ እህቴ። እንግዲያው አንቺን ማስቸገሩም ቀረ» አለና ከወንድሜ ጋር ወደ ወረቀታቸው ዞሩ። የሁለት ዓመቱም የሦስት ዓመቱም ነገር ተሰረዘ። ሳጥኔን ቦርሳው ውስጥ ከተተ። የኔ ሳጥን፣ እኔ የበየድኳት፣ አንዷን ጎን የብየዳ ካውያ ነክቷት የጠቆረች። ትንሽ አንጀቴን በላኝ፤ ግን ትሂድ፣ አልኩ። የምትሄደው እሷ ብቻ አይደለችም።

እሱ ሲወጣ የወንድሜ ሚስት ከሥራ ገባች። እኔ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥያለሁ። ወንድሜ ነጋዴው የተነሳበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ወገቡን እያሻሸ ነው። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ተነፈሰ። «ይሁን፣ ለበጎ ነው» አለ። «አንቺም እረፊ፤ ስንት ጊዜ ዐይንሽን አጠፋሽበት።» ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ፣ ስለ አምፖል መለወጥ እንደሚያወራ ሰው፣ «ለተመላላሿ ንገሪያት፣ ከነገ ጀምሮ አትምጣ። የሷም ደሞዝ የሚወጣው ከወርክሾፑ ነበር። እንግዲህ እሷ አለች አይደል» ብሎ በአገጩ ወደኔ አመለከተ።

ሁሉን አስቤበታለሁ ብዬ ነበር። ወርክሾፑ ሲዘጋ ተመላላሿም አብራ እንደምትዘጋ ግን አላሰብኩም። የወንድሜ ሚስት ጊዜ አልፈጀችም፤ ጫማዋን እንኳ ሳትለውጥ ኮምፖርሳቶውን ዞራ ገባች። ሲነጋገሩ ይሰማል። ተመላላሿ «እሺ» ብቻ ነው ያለችው። ወዲያው ሽርጧን አጣጥፋ በፌስታል ይዛ ወጣችና የቅባቱን ጠርሙስ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ጀርባዋን በዚህ ቀቢያት፤ ማታ ማታ ይቀልላታል» አለችኝ። በሩ ከኋላዋ ገጠመ።

«ጋሼ» አልኩ። «ሥራ ይዣለሁ። ሌላ ቦታ። ዛሬ ልፈርም ነው።»

ለሙከራ የተሰካ አንድ ፍሪጅ ያንጎራጉራል። ወንድሜ ሚስቱን አየ፣ ሚስቱ ወለሉን አየች። «እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ወንድሜ ጫማዬን አየ፤ ገና አሁን ማየቱ ነው። «ቆንጆ ሥራ ነው?» አለኝ። «ቆንጆ ነው» አልኩት። «ታዲያ ማን ይቀመጥ? ንገሪኛ። እኔ ላጥባት? እኔ ላገላብጣት በዚህ ወገቤ?» እየተቆጣ አይደለም፤ የእውነቱን ነው የጠየቀኝ። ግንባሩን አሻሸና «ለራሷ ንገሪያት። እሷ ሂጂ ካለችሽ እኔ ምን አገባኝ» አለ።

የቅባቱን ጠርሙስ እንደያዝኩ ገባሁ። እማዬ ነቅታ ትጠብቀኛለች።

«ተሸጠ?»

«ተሸጠ እማዬ።»

«እሰይ! እሰይ!» ፊቷ፣ ያ ደህናው ግማሽ፣ እንደ ልጅ ፈካ። «ከእንግዲህ ቀኑን ሙሉ ከኔ ጋር ነሽ በይኛ። ያ ጭስ ሊፈጃት ነው እያልኩ ስንት ጊዜ ስጨነቅ!» በደህናው እጇ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጣ፣ እያቃሰተች፣ በራሷ ጉልበት ወደ ኮምፖርሳቶው ተሳበች። ከታመመች ወዲህ በራሷ ስትንቀሳቀስ አይቻት አላውቅም። ቦታ ልትለቅልኝ ነው። «ነይ ቁጭ በይ። ጫማሽን አውልቂያ፤ የት ትሄጃለሽ?»

በለቀቀችልኝ ቦታ ተቀመጥኩ። አልጋው ሞቋል።

«እማዬ፣ ሥራ አግኝቻለሁ። አሁን ካልሄድኩ ያመልጠኛል። ልሂድ?»

ዐይኗን ጨፈነች። ፉጨት የለም።

«እማዬ፣ ልሂድ?»

ከኮምፖርሳቶው ማዶ ወንድሜና ሚስቱ ትንፋሻቸውን ይዘዋል፤ ለካ ፀጥታም በዚያ ክንድ ያህል ክፍተት ይገባል። ፍሪጁ ጠፋ። ጎንበስ ብዬ፣ አፌን ወደ ጆሮዋ አስጠግቼ እንደገና ጠየቅኳት። የዐይኗ ቆብ ተንቀጠቀጠ፣ ግን አልተገለጠም። ከብርድ ልብሱ ሥር እጇ ወጣ፤ እየዳበሰ መጣና የእጄን አንጓ ያዘ። ጉልበት የላትም። በአንድ ጣት ላላቅቃት እችል ነበር።

ስልኬ ቦርሳዬ ውስጥ ይጮኽ ጀመር። ኃላፊዋ መሆን አለባት። ጮኾ፣ ጮኾ፣ ዝም አለ፤ ከዚያ እንደገና ጀመረ። «እማዬ» አልኳት፣ «ልሂድ?» እጇ ጠበቅ ሲል ይሰማኛል፣ ፉጨቷ ግን አልመጣም። እጄን ሳልነጥቃት፣ ጫማዬንም ሳላወልቅ፣ እንደገና ጠየቅኳት።